አንድ ጨዋታ ለስንት ይቆረጣል? የእግር ኳስ የቴሌቪዥን መብት ለጣቢያዎች የሚከፋፈልበት መንገድ

በባሕር ዳር ከግሽ ዓባይ እስከ ቀበሌ 14 ባሉ ኳስ ማሳያ ቤቶች በር ላይ የሳምንቱ ጨዋታዎች ዝርዝር ከነሰዓታቸው ተጽፎ ይለጠፋል። ዝርዝሩን ቆመው በሚያነቡ ሰዎች መካከል ደጋግሞ የሚነሣ ክርክር አለ። አንዱ ጨዋታ በነፃ ጣቢያ ሲታይ ሌላው ለምን በክፍያ ብቻ ይሆናል? አምና በአንድ ጣቢያ ይታይ የነበረ ውድድር ዘንድሮ ለምን ወደ ሌላ ዞረ? አዲስ ጣቢያ ገበያውን ሲቀላቀልስ የወር ክፍያው ለምን አልቀነሰም? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ብር ያለው ገዛው» የሚል ነው። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ምን እንደተገዛ፣ ከማን እንደተገዛና ለስንት ገዢ ተቆራርሶ እንደተሸጠ አይነግረንም። ነገሩን ለመረዳት ደግሞ ከገንዘቡ መጠን ይልቅ አቆራረጡን ማወቅ ይጠቅማል።

ጣቢያው የሚገዛው ምኑን ነው?

የስርጭት መብት ማለት አንድን ጨዋታ በካሜራ ቀርጾ ወይም በሌላ የተቀረጸውን ተቀብሎ፣ በተወሰነ ቦታ ላሉ ሰዎች፣ በተወሰነ መንገድ፣ ለተወሰነ ጊዜ የማሳየት ፈቃድ ነው። ፈቃዱን መስጠት የሚችለው ስታዲየሙንና ውድድሩን የሚቆጣጠር አካል ነው፤ በሩን የያዘው እርሱ ስለሆነ ካሜራ ይዞ የሚገባውን የሚወስነውም እርሱ ነው።

ብዙ ሰው ጣቢያዎች እያንዳንዳቸው ካሜራቸውን ተክለው የሚቀርጹ ይመስለዋል። በትልልቅ ውድድሮች አሠራሩ ከዚህ ይለያል። አንድ የቀረጻ ቡድን ጨዋታውን ይቀርጻል፤ የሜዳውን ድምፅ፣ ድጋሚ ምስሉንና ውጤቱን የሚያሳየውን ጽሑፍ አሟልቶ በሳተላይት ወይም በመስመር ለባለመብቶች ሁሉ ይልካል። እያንዳንዱ ጣቢያ በዚያ ላይ የራሱን አስተላላፊ ድምፅና የራሱን ስቱዲዮ ይጨምርበታል። በባሕር ዳርና በኩዌት የምንመለከተው ምስል አንድ ሆኖ ድምፁ ብቻ የሚለያየው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያወጣው ቃል «ብቸኛ» የሚለው ነው። ብቸኛ መብት የሸጠ አካል ያንኑ መብት በዚያው ክልል ውስጥ ለሌላ ላለመስጠት ቃል ይገባል። ጣቢያው ብዙ የሚከፍለው ጨዋታውን ለማሳየት ብቻ ሳይሆን፣ ሌላው እንዳያሳየው ለማድረግም ነው። ተመልካች ወደ እርሱ የሚመጣው ሌላ ቦታ ስለማያገኘው ነውና።

ሻጩ ክለቡ ነው ወይስ ሊጉ?

ሁለት መንገዶች አሉ። በአንደኛው መንገድ እያንዳንዱ ክለብ በሜዳው የሚያደርጋቸውን ጨዋታዎች ራሱ ይሸጣል። ስፔን እስከ እ.ኤ.አ. 2015 ድረስ በዚህ መንገድ ትሠራ ነበር (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያልተጻፈበት ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)፤ ሪያል ማድሪድና ባርሴሎና ለየብቻቸው ስለሚዋዋሉ ትንንሾቹ ክለቦች ከሚያገኙት ብዙ እጥፍ ይወስዱ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ክለቦቹ መብታቸውን በጋራ እንዲሸጡ አስገደደ፤ ከአንደኛ ዲቪዚዮን ድርሻ ግማሹ በእኩል እንዲከፋፈል፣ ቀሪው በውጤትና ክለቡ ባለው የሕዝብ ተቀባይነት እንዲደለደልም ደነገገ።

በሁለተኛው መንገድ ክለቦቹ መብታቸውን ለሊጉ ይሰጡና ሊጉ በሁሉም ስም ይሸጣል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተመሠረተ ጀምሮ የሚሠራው በዚህ ነው። ከሀገር ውስጥ ሽያጭ የሚገኘውን ገንዘብ ለብዙ ዓመታት ያከፋፈለበት ቀመር ግማሹን ለሃያዎቹ ክለቦች በእኩል፣ ሩቡን በደረጃ ሰንጠረዡ መሠረት፣ የቀረውን ሩብ ደግሞ የክለቡ ጨዋታ በቀጥታ በታየበት ቁጥር ልክ ይሰጣል። ከውጭ ሀገር የሚገባው ገንዘብ እስከ 2019 ድረስ በእኩል ይካፈል ነበር፤ ትልልቆቹ ክለቦች «ውጭ ያለው ተመልካች የሚከፍለው እኛን ለማየት ነው» ብለው ስለተከራከሩ፣ ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ጭማሪ በደረጃ እንዲከፋፈል ተስማሙ። ሆኖም ከፍተኛው ተከፋይ ከዝቅተኛው ከ1.8 እጥፍ በላይ እንዳያገኝ ገደብ ተበጅቶለታል።

ለሀገራት ውድድሮች ሻጩ የውድድሩ ባለቤት ነው፤ የዓለም ዋንጫን ፊፋ፣ የአፍሪካ ዋንጫን ካፍ ይሸጣል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በኅዳር 2012 ዓ.ም. በባሕር ዳር ስታዲየም ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ሜዳው የእኛ፣ ቡድኑም የእኛ ነበር፤ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ የቴሌቪዥን መብት ግን የአዘጋጁ የካፍ ነው። ይህን የማያውቅ ተመልካች «በገዛ ሀገራችን የተደረገ ጨዋታ እንዴት ፈቃድ ያስፈልገዋል» ብሎ ቢገረም አይፈረድበትም።

አንዱ ጨዋታ በስንት ይቆረጣል?

ጣና ዳር ላደገ ሰው ይህ አሠራር እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። በደንቢያና በፎገራ በኩል ክረምት ሐይቁ ሲሞላ ውኃ የሚተኛበት መሬት ላይ ዓሣ ይያዛል፤ ውኃው ሲሸሽ ያው መሬት ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል፤ አዝመራው ሲነሣ ደግሞ ከብት ይሰማራበታል። መሬቱ አንድ ቢሆንም ዓሣ የሚያወጣው፣ የሚያርሰውና ከብቱን የሚያሰማራው ሰው የተለያየ ሊሆን ይችላል፤ የእያንዳንዱም ፈቃድ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ጊዜ አለው። የእግር ኳስ መብትም አንዱን ጨዋታ በዚሁ መልክ ለብዙ ተጠቃሚዎች ይሸነሽነዋል።

የመጀመሪያው መስመር የሀገር ድንበር ነው። ለዚህ ከእኛ ክልል የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የመካከለኛው ምሥራቅና የሰሜን አፍሪካ የፕሪሚየር ሊግ መብት የኳታሩ ቢኢን ስፖርትስ ሲሆን፣ ሱዳን በዚያ ክልል ውስጥ ትካተታለች። ከሰሐራ በታች ያለው የአፍሪካ ክፍል ደግሞ የደቡብ አፍሪካው ሱፐርስፖርት ድርሻ ነው፤ እኛም የምንገኘው በዚህኛው ውስጥ ነው። ስለዚህ በመተማ በኩል ድንበሩን ተሻግሮ ገላባት የገባ ሰው በዚያው ቅጽበት ወደ ሌላ ባለመብት ክልል ገብቷል። ከሰማይ የሚወርደው የሳተላይት ምልክት ግን ኬላ አያውቅም፤ መተማ ላይ የተተከለ ሳሕን የሁለቱንም መቀበል ይችላል። ጣቢያዎች ምልክታቸውን በኮድ ዘግተው በዲኮደርና በካርድ ብቻ የሚከፍቱበት አንዱ ምክንያት ክፍያ መሰብሰብ ሲሆን ሁለተኛው ይህን ድንበር ማስከበር ነው።

ሌሎቹን መስመሮች ባጭሩ ማየት ይቻላል። የቀጥታ ስርጭት አንድ መብት ነው፤ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሙሉውን መድገም ሌላ፣ ግቦቹንና ዋና ዋና ሙከራዎቹን አሳጥሮ ማሳየት (ሃይላይት የሚባለው) ደግሞ ሌላ ነው። በእንግሊዝ የቀጥታውን ስርጭት የሚከፈልባቸው ጣቢያዎች ሲወስዱ፣ የሃይላይቱ መብት በነፃ በሚታየው ቢቢሲ እጅ ይገኛል። በቴሌቪዥን ማሳየት፣ በኢንተርኔትና በስልክ ማሳየት፣ በሬዲዮ ማስተላለፍ ለየብቻ ሊሸጡ ይችላሉ። ቋንቋም ይቆረጣል፤ አንድ ጣቢያ በእንግሊዝኛ የማስተላለፍ ፈቃድ ሲኖረው ሌላው በፈረንሳይኛ ብቻ ሊፈቀድለት ይችላል። በመጨረሻም ጊዜ አለ፤ ውሉ አብዛኛውን ጊዜ ለሦስት ወይም ለአራት የውድድር ዓመት ነው። ባለመብቱ በድንገት የተለወጠ ሲመስለን የተለወጠው ዘመኑ ነው፤ ውሉ አልቆ ጨረታው እንደገና ወጥቷል።

ጨረታው እንዴት ይካሄዳል?

ሊጉ በመጀመሪያ በቀጥታ እንዲታዩ የፈቀዳቸውን ጨዋታዎች ጥቅል በሚባሉ ክፍሎች ይመድባቸዋል። አንዱ ጥቅል የእሑድ ማታ ጨዋታዎችን፣ ሌላው የቅዳሜ ቀትርን፣ ሌላው የሰኞ ምሽትን ሊይዝ ይችላል። ጥቅሎቹ በሰዓት ብቻ አይለያዩም፤ የመምረጥ ቅደም ተከተልም አላቸው። የመጀመሪያ ምርጫ የተሰጠው ጥቅል የገዛ ጣቢያ ከሳምንቱ ጨዋታዎች የፈለገውን ያነሣል፤ ሁለተኛው ከቀሩት ይመርጣል፤ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ስለዚህ ሁለት ጣቢያዎች እኩል ብዛት ያለው ጨዋታ ቢገዙ እንኳ፣ አንደኛው ማንቸስተርና ሊቨርፑልን ሲያሳይ ሌላው በወራጅ ቀጠና ያሉ ቡድኖችን ሊያሳይ ይችላል። ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው የጨዋታው ብዛት ብቻ ሳይሆን ይህ የምርጫ ተራ ጭምር ነው።

ከዚያ ተጫራቾች ለየጥቅሉ የሚከፍሉትን ጽፈው በታሸገ ፖስታ ያስገባሉ። አንዱ የሌላውን አያይም። ሊጉ ለራሱ የያዘው ዝቅተኛ ዋጋ አለ፤ የቀረበው ከዚያ ካነሰ ወደ ሁለተኛ ዙር ይኬዳል። እኔ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ትኩረት የሚያስፈልገው ነጥብ ይህ ይመስለኛል፦ ያሸነፈ ጣቢያ የሚከፍለው ራሱ የጻፈውን ነው፤ ተከታዩ ምን ያህል እንደጻፈ አያውቅም። ጥቅሉን ቢያጣ ደንበኞቹ የሚሸሹበት ጣቢያ ተፎካካሪው ሊጽፍ ይችላል ብሎ ከሚገምተው በላይ ለመጻፍ ይገደዳል። ፍርሃቱ ራሱ ዋጋ ይሆናል።

ቁጥሮቹ ይህንን በግልጽ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ1988 አይቲቪ የእንግሊዝን አንደኛ ዲቪዚዮን ለአራት ዓመት በ44 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ። በ1992 የክፍያ ጣቢያው ስካይ ከቢቢሲ ጋር ሆኖ አዲሱን ፕሪሚየር ሊግ ለአምስት ዓመት በ304 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደ። ቢቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ በ2012 ጨረታውን ሲቀላቀል፣ ከ2013 ጀምሮ ያሉት ሦስት ዓመታት የሀገር ውስጥ ዋጋ ወደ 3 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ወጣ። ለ2016 እስከ 2019 ደግሞ ሰባት ጥቅሎች ቀረቡ፤ በዓመት 168 ጨዋታ፣ አንድ ገዢ ከ126 በላይ እንዳይወስድ ከሚል ገደብ ጋር። ስካይ አምስቱን ጥቅል፣ ማለትም ገደቡ የፈቀደለትን 126 ጨዋታ በሙሉ፣ በ4.176 ቢሊዮን ፓውንድ ወሰደ። ቢቲ ለቀሩት 42 ጨዋታዎች 960 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈለ። ድምሩ 5.136 ቢሊዮን ፓውንድ ሲሆን፣ ለአንድ የዘጠና ደቂቃ ጨዋታ በአማካይ ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ይደርሳል። ስካይና ቢቲ እርስ በርስ ባይፈራሩ ኖሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ዋጋው እንዲህ አይዘልም ነበር።

ጣቢያዎች ከተወዳደሩ የተመልካቹ ክፍያ ለምን አይቀንስም?

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ይህ ነው። በሌሎች ገበያዎች ሁለት ነጋዴዎች አንድ ዓይነት ዕቃ ይዘው ለአንድ ገዢ ስለሚሻሙ ዋጋ ይወርዳል። በእግር ኳስ ግን ውድድሩ የሚካሄደው ጨረታው ላይ፣ በሻጩ ፊት ነው። ጨረታው ካለቀ በኋላ እያንዳንዱ ጣቢያ የያዘው ጨዋታ ሌላው ጋር የለም፤ ለዚያ ጨዋታ ብቸኛ ሻጭ ሆኗል። ተመልካቹ ከሁለቱ የሚያማርጠው አንድ ዓይነት ነገር ስለሌለ፣ ሁለቱንም ከመግዛት ወይም አንዱን ከመተው ሌላ ምርጫ አይኖረውም።

ይህ በእንግሊዝ በተግባር ታይቷል። ስካይ ከ1992 ጀምሮ የቀጥታ ጨዋታዎቹን ብቻውን ይዞ ስለቆየ የአውሮፓ ኮሚሽን ውድድር ይገድባል ብሎ ጉዳዩን መረመረ፤ ሊጉም ሁሉንም ጥቅሎች ለአንድ ገዢ ላለመሸጥ ግዴታ ገባ። በ2007 በተጀመረው ዙር ስካይ 92፣ የአየርላንዱ ሴታንታ 46 ጨዋታዎችን ወሰዱ። እስከዚያ ድረስ ለስካይ ብቻ ይከፍል የነበረው ቤተሰብ ሁሉንም የቀጥታ ጨዋታ ለማየት ከዚያ በኋላ ለሁለት ጣቢያ መክፈል ነበረበት። ከ2019 ጀምሮ አማዞን 20 ጨዋታዎችን ሲገዛ የደንበኝነቱ ቁጥር ሦስት ደረሰ። ውድድርን ለማስፋት ተብሎ የወጣው ውሳኔ የተመልካቹን ወጪ ማብዛቱ የሚያሳዝን ነው፤ ጥፋቱ ግን የመብቱ ብቸኝነት ሳይነካ ቁርጥራጩ ብቻ መብዛቱ ላይ ነው።

ለፍትሕ ሲባል ሌላኛው ወገንም መነገር አለበት። በ1992 በቀጥታ ይታዩ የነበሩት በዓመት 60 ጨዋታዎች ነበሩ። በ2025 በጀመረው የአራት ዓመት ውል ስካይ ቢያንስ 215፣ የቢቲን ጣቢያ የተካው ቲኤንቲ 52 ጨዋታዎችን ያሳያሉ፤ የውሉ ዋጋም 6.7 ቢሊዮን ፓውንድ ነው። የካሜራው ብዛትና የምስሉ ጥራት ሊነጻጸር በማይችል መልኩ አድጓል። ተመልካቹ የበለጠ ይከፍላል፤ የበለጠም ያያል።

ለንደን የማይታየው ጨዋታ ባሕር ዳር እንዴት ይታያል?

የፕሪሚየር ሊግ አንድ የውድድር ዓመት 380 ጨዋታዎች አሉት፤ ከላይ የተጠቀሱት ቁጥሮች ሲደመሩ ግን ከዚያ በታች ናቸው። የቀሩት በአብዛኛው ቅዳሜ በእንግሊዝ ሰዓት ከቀትር በኋላ በሦስት ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር እነርሱ ዘንድ ክረምት ሲሆን ማታ በ12 ሰዓት፣ በጋ ሲሆን በ11 ሰዓት የሚጀመሩት ናቸው። በብሪታንያ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በእንግሊዝ ሰዓት ከ2:45 እስከ 5:15 ማንኛውም የእግር ኳስ ጨዋታ በቀጥታ በቴሌቪዥን እንዳይታይ ይከለከላል። ሐሳቡ በ1960ዎቹ የበርንሌይ ክለብ ሊቀ መንበር ከነበሩት ከቦብ ሎርድ የመጣ ነው፤ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ትልልቅ ቡድኖችን ካየ በአካባቢው ያለውን ትንሽ ክለብ ስታዲየም ገብቶ አያይም የሚል ስጋት ነበራቸው።

ክልከላው የሚሠራው በዚያች ሀገር ብቻ ስለሆነ፣ ለውጭ ባለመብቶች የሚሸጠው ግን ሙሉው 380 ጨዋታ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ በ12 ሰዓት ቀበሌ 14 የተቀመጠ የአርሰናል ደጋፊ ቡድኑን በቀጥታ ሲያይ፣ ከስታዲየሙ ጥቂት መንገድ ርቆ የሚኖር የለንደን ነዋሪ ቲኬት ካልያዘ በቴሌቪዥን ሊያየው አይችልም። በ2022 በተጀመረው ዙር ከውጭ የሚገኘው ገንዘብ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሀገር ውስጡ በልጧል፤ የሩቁ ተመልካች ለሊጉ ምን ያህል እንደሚመዝን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ያሸነፈው ጣቢያ መክፈል ቢያቅተውስ?

ትልቁን ቁጥር የጻፈ ሁሉ ትልቁን ገንዘብ ይከፍላል ማለት አይደለም። ሴታንታ በእንግሊዝ ሁለት የውድድር ዓመት ብቻ ቆይቶ በ2009 ከሰረ። ከዚህ የከፋው በፈረንሳይ የደረሰው ነው። በ2018 በተደረገው ጨረታ ሚዲያፕሮ የተባለ የስፔን ድርጅት ለብዙዎቹ ጨዋታዎች በዓመት 800 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ለመክፈል ተስማማ። ክለቦች በዚያ ተስፋ ተጫዋች ገዙ፣ ደመወዝ ጨመሩ። ውሉ በ2020 ሥራ ላይ በዋለ በወራት ውስጥ፣ በወረርሽኙ መካከል፣ ድርጅቱ ክፍያውን አቆመ፤ በዓመቱ መጨረሻ ውሉ ፈረሰ። በሚቀጥለው ዓመት አማዞን ከአሥሩ የሳምንት ጨዋታዎች ስምንቱን በዓመት በ250 ሚሊዮን ዩሮ ወሰደ። በ2024 የገባው፣ ጨዋታ በኢንተርኔት የሚያሳየው ዳዝን ደግሞ ከአንድ የውድድር ዓመት በኋላ ወጣ፤ በ2025 ሊጉ የራሱን ጣቢያ ለመክፈት ተገደደ።

ጠንቃቃ ሻጮች ይህን ለመከላከል የባንክ ዋስትና ይጠይቃሉ። በጀርመን በ2024 ሊጉ የዳዝንን ጨረታ ዋስትናው በጊዜው አልቀረበም ብሎ ውድቅ ቢያደርግ ጉዳዩ ወደ ግልግል ዳኝነት ሄደ፤ ጨረታውም እንዲደገም ተወሰነ። ዋስትናን የሚመለከት አንድ አንቀጽ የአንድን ሀገር የሳምንት መጨረሻ ጨዋታዎች በሙሉ ለወራት አንጠልጥሎ አቆይቷል ማለት ነው።

በነፃ ጣቢያ የሚታየውስ በምን ሕግ ነው?

አንዳንድ ሀገሮች ሕዝብ ሁሉ ሊያያቸው ይገባል ያሏቸውን ውድድሮች በሕግ ዘርዝረዋል። በብሪታንያ የዓለም ዋንጫ፣ የአውሮፓ ዋንጫና የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ በክፍያ ጣቢያ ብቻ ሊታዩ አይችሉም። ፕሪሚየር ሊጉ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

በአፍሪካ መብቱ ብዙ ጊዜ በቅብብሎሽ ይደርሳል። ባለቤቱ ለአንድ ትልቅ ገዢ ይሸጣል፤ ገዢው ደግሞ በየሀገሩ ላሉ ጣቢያዎች ንዑስ ፈቃድ ይሰጣል፣ ማለትም ከገዛው ላይ ቆርሶ ይሸጣል። በጥር 2016 ዓ.ም. በኮትዲቯር ለተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ከሰሐራ በታች ያለውን መብት የቶጎው ኒው ወርልድ ቲቪ ይዞ ስለነበር፣ ሱፐርስፖርት ውድድሩን እንደማያሳይ አስታወቀ፤ የወር ክፍያቸውን የፈጸሙ ደንበኞች ደነገጡ። ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ሁለቱ ተስማሙና ጨዋታዎቹ ታዩ። መብቱ በእነዚያ ቀናት የትም አልጠፋም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፍበት ዋጋ ነበር ያልተቆረጠው።

ለሀገራዊ ጣቢያዎች ሌላ ችግር አለ። የነፃ ስርጭት ፈቃድ ብዙ ጊዜ በሀገሪቱ ወሰን ውስጥ ብቻ ነው። በአንቴና የሚደርሰው ምድራዊ ስርጭት ከድንበር ብዙም አያልፍም፤ በኢትዮሳት ላይ ያለ ኮድ ክፍት ጣቢያ ግን በጎረቤት አገሮች ሁሉ ይታያል። ስለዚህ ውሉ በሳተላይት ማሳየትን ሊከለክል ወይም በኮድ እንዲዘጋ ሊያዝ ይችላል። በሳሕን የሚከታተል ሰው ጨዋታው ሲደርስ በሌላ ዝግጅት ተተክቶ ቢያገኘውና ጎረቤቱ በአንቴና እያየ ቢሆን ምክንያቱ ይኸው ነው።

የእኛው ሊግ እንዴት ተሸጠ?

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን የክለቦቹ አክሲዮን ማኅበር ከተረከበው በኋላ፣ ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዓመት ጀምሮ የቴሌቪዥን መብቱ በጋራ ለዲኤስቲቪ ለአምስት ዓመት ተሸጠ። በዚያ ዓመት ጨዋታዎቹ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ በየተራ ተካሄዱ። ክለቦች ሁሉ አንድ ከተማ ተሰብስበው ለሳምንታት እንዲጫወቱ ያደረገው በአንድ በኩል የኮሮና ወረርሽኝ ሲሆን፣ በሌላ በኩል የቀረጻ መኪናውን፣ ካሜራዎቹንና ባለሙያዎቹን በየሳምንቱ ከክልል ክልል ከማዘዋወር አንድ ሜዳ ላይ ማቆየት ለስርጭቱ የቀለለ መሆኑ ነው። ውጤቱ ሁለት መልክ ነበረው። የባሕር ዳር ከተማ ክለብ ደጋፊ ቡድኑ ሐዋሳም ድሬዳዋም ሲጫወት በቴሌቪዥን ለማየት በቃ፤ በሌላ በኩል ክለቦች አብዛኛውን የውድድር ዓመት ከደጋፊዎቻቸው ርቀው አሳለፉ፤ ከሜዳ መግቢያ ያገኙት የነበረውም ቀረ። የቴሌቪዥን ገንዘብ ሲመጣ ጨዋታው የት፣ መቼና በምን ሜዳ እንደሚደረግ የመወሰኑ ሥልጣን በከፊል ወደ ካሜራው እንደሚዞር በዚህ አይተናል።

ኳስ ማሳያ ቤትስ?

ብዙዎቻችን ጨዋታ የምናየው ቤታችን አይደለም፤ ዲኤስቲቪ ቤት ነው። ይህም በመብቱ አቆራረጥ ውስጥ የራሱ መስመር አለው። ለመኖሪያ ቤት የተሸጠ ደንበኝነት ለቤተሰብ ዕይታ ነው፤ ሰው ሰብስቦ መግቢያ እያስከፈሉ ወይም ሻይና ቢራ እየሸጡ ማሳየት የንግድ ደንበኝነት ይጠይቃል፤ ዋጋውም ከቤቱ ይለያል።

በዚህ ጉዳይ የታወቀው ክርክር በእንግሊዟ ፖርትስማውዝ የተነሣ ነው። አንዲት የመጠጥ ቤት ባለቤት የስካይን የንግድ ክፍያ ላለመክፈል የግሪክ ዲኮደርና ካርድ አስመጥታ ጨዋታ ታሳይ ነበር። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2011 በሰጠው ውሳኔ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከሌላ አባል ሀገር የተገዛ ካርድ መጠቀምን መከልከል የገበያውን ነፃነት ይጻረራል አለ፤ ጨዋታው ራሱም በድርሰት መብት የሚጠበቅ የፈጠራ ሥራ እንዳልሆነ ገለጸ። ሆኖም ከምስሉ ጋር የሚቀርቡት የመክፈቻ ቪዲዮ፣ የሊጉ ዜማና በማያ ገጹ ላይ የተዘጋጁት ጽሑፎችና ሥዕሎች የድርሰት መብት ስላላቸው፣ እነርሱን በመጠጥ ቤት ለሕዝብ ለማሳየት ፈቃድ ያስፈልጋል ሲል ጨመረ። 

ውሳኔው የሚገዛው የአውሮፓ ኅብረት አገሮችን ነው። ባሕር ዳር ላይ ያለ የማሳያ ቤት ባለቤት የሚታሰርበት ከአገልግሎት ሰጪው ጋር የፈረመው ውል ስለሆነ፣ ካርዱን ሲሞላ የገዛው የቤት ይሁን የንግድ ደንበኝነት ማረጋገጥ ይኖርበታል፤ የወሩን ክፍያ አንድ ቀን ሳያሳልፍ የከፈለ ሰው እንኳ የገዛው የመኖሪያ ቤት ጥቅል ከሆነ ለሕዝብ የማሳየት መብት የለውም።